እናቱስ?

አርብ ገበያ ነው፤ ኩዌት፣ ሐምሌ ላይ፣
ጥላው እንኳን ያልበዋል በቆርቆሮው ሰማይ።
እርግብ፣ ጥንቸል፣ ኤሊ፣ አንገቱ የተላጠ በቀቀን በረድፍ፣
ከእነሱ ቀጥሎ ቡችላ በቡችላ ላይ፣ በሽቦ ጥልፍልፍ።

ሉልዋ፣ የዘጠኝ ዓመቷ፣ እጄን ጥላ ሮጠች፣
አንዱን ነጭ አንስታ ደረቷ ላይ ለጠፈች።
ዓይኑ ሰማያዊ፣ ጠጉሩ የበረዶ አገር፣
በአርባ ስምንት ዲግሪ ሲለከልክ ነበር።

«ስንት ነው?» አለች ማዳም። ሻጩ አላመነታ፣
«ሦስት መቶ ዲናር። ወረቀት አለው፣ ማኅተሙም በቦታ፣
ክትባት ጨርሷል፤ አባቱ ሻምፒዮን፣ ዘሩ የጌታ።»

እኔ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ በእንስሳት ሐኪም ቤት፣
ወለል ስወለውል ዓይኔ ተማረበት።
ከንፈሩን ገለጥኩ፤ ጥርሱ መርፌ፣ ገና ብቅ ያለ፣
«ሁለት ወሩ» ያለው ሰው አንዱን ወር ከራሱ ኪስ አውጥቶ ቀጠለ።
ሆዱ ከበሮ ነው፣ እግሩ ግን ገለባ፣
ከዓይኑ ጥግ መግል፣ የደረቀ እንደ እንባ።

«እናቱስ የት አለች?» አልኩት በአረብኛ።
አየኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ፣ ከሠራተኛ!
«እናቱ? አውሮፓ።»
«አባቱስ?»
«እሱም እዚያ።»
«ታዲያ ይሄ ሕፃን ብቻውን በሮ ነው የመጣው ገበያ?»

«እናቷን አይተህ ልጇን አግባ» ይላል የአገሬ ሰው፣
ለሚስት ነበር ምክሩ፤ ያን ዕለት ለውሻ አዋስኩት፤ ምን ያንሰው?

ምናልባት ከአንድ ጋራዥ፣ ጨለማ ውስጥ ተኝታ፣
ጡቷ ሲሚንቶ እየጠረገ፣ ዓይኗን ወደ በሩ ስንጥቅ አንስታ፣
የወሰዱባትን በአፍንጫዋ ትቆጥራለች ጠዋት ማታ።
አልዋሽም፤ አላየኋት። ግን ያልታየ ሁሉ የለም አይባልም፤ መቼም
እናት የሌለው ቡችላ የለም።

«ተዪው» አልኳት ሉልዋን። ጨብጣው አለቀሰች፣
«እኛ ካልወሰድነው ማን ይወስደዋል?» አለች።
ይህች ጥያቄ ዛሬም ሌሊት ታስነሳኛለች።
«ብንገዛው ነገ ሽቦው በወንድሙ ይሞላል» አልኩ በዝግታ፣
«እናቱም አታገኝ ፋታ።»
እውነት ነው።
ግን እውነት ሆኖም፣ ያን ነጭ መልሶ ሽቦ ውስጥ ያስገባው
ይኸው እጄ ነው።

ጥቅምት ላይ ወፍራ ወረድን፣ የቲማቲም እርሻ ሰፈር።
ሙኒራ ሰሉቂ ታረባለች፤ ዋጋ ስንጠይቃት መልሷ ጥያቄ ነበር፦
«ቤታችሁ ስንተኛ ፎቅ? ቀን ቀን ማን አለ?
በበጋ ስትጓዙስ? ከዚህ በፊት ውሻ ነበራችሁ? የት ዋለ?»
ሉልዋ ሹክ አለችኝ፦ «ገዢው ማነው፣ እኛ ወይስ እሷ?»
እናቲቱ በዚህ መሃል መጣች፤ መዳፌን አሸተተች፣ ቀመሰችኝ በምላሷ።
ቀስት የመሰለ ወገብ፣ ሐር የመሰለ ጆሮ፣
«ሁለቴ ወልዳለች፤ በቃት» አለች ሙኒራ፣ «ትሩጥበት ዘንድሮ።»
የልቧን ምርመራ ዘረጋችልን፣ የአባትየውንም ጭምር፣
«ካልቻላችሁ፣ በዓሥር ዓመቱም ቢሆን፣ ለእኔ መልሱት፤ አይጣል በባዶ ምድር።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «መቼም የምታበይው አንቺ ነሽ። ስምሽ ማነው?»
«እታፈራሁ።» እነሱ ቤት «ፈራ» ነው የምባለው።
እየተንተባተበች፣ ግን ሙሉውን ደገመችው።
«ስንት ጊዜ ትቆያለሽ?»
ማዳም ጣሪያ ጣሪያውን አየች።
«ውሌ በሰኔ ያልቃል።»
ለቡችላው ተብሎ ተጠየቀ እንጂ፣ ለእኔ ብሎ ማን ጠይቆ ያውቃል?
እኔን ያመጣኝ ደላላ እናቴን አላየም፣
ጥርሴንና ሳንባዬን ግን ሳያስመረምር አላለፈም።

«እንግዲያ» አለች ለሉልዋ፣ «አሳዳጊው አንቺ ነሽ፣
እስከ ኅዳር አርብ አርብ መጥተሽ ትጠርጊያለሽ።»
መጣች። ስድስት አርብ። ቆሻሻውን በአካፋ፣ አፍንጫዋን ይዛ፣
በሰባተኛው ትንሿ ቡችላ ጭኗ ላይ ተኛች፣ በወተት ደንዝዛ።

መኪናው ሲነሳ እናቲቱ እስከ አጥሩ ተከተለች፣
አሸተተች፣ ቆመች፣ ተመለሰች።
ስለ ነጩ ማንም አላነሳም፤ እኔም ትንፍሽ አላልኩም፣
የእናቱን ፊት ግን፣ ሳላየው፣
እስከ ዛሬ አልረሳሁም።